ደባሉ ፕሮግራምና የጋሼ ደምሴ የዘር ገብስ

ባለፈው ሳምንት አብራኝ ትሠራ የነበረች አንዲት ወጣት ባለሙያ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ሁለት መሥሪያ ቤቶችን የሚያገናኝ ፕሮግራም ልንተክል ነው። ለብቻው ማሽን ከምንገዛለት፣ ድሮ በነበረው የጃቫ ሰርቨር ውስጥ ብናስገባውስ?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ከመናገሬ በፊት አፌ ውስጥ የበሶ ጣዕም መጣብኝ።

መሐል ሜዳ ከተማ በመንግሥት ቢሮ ተቀጥሬ ስሠራ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ኮምፒዩተር ተምሬ የተመለስኩ የመንዝ ልጅ፣ ትዕቢቴ ከበርኖሴ የሚረዝም! ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደምሴ ነው። ቀየት የምትባል ቦታ አጠገብ ገብስ እያረሰ፣ እሱ ፊደል ሳይቆጥር እኔን አስተማረኝ። ተማሪ ሳለሁ በየወሩ በሶ ቋጥሮ ይልክልኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ በወጉ አላመሰገንኩትም።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ውርጭ ገብሱን መታው። ማሳው ነጭ ሆኖ አደረና ፀሐይ ስትወጣ ጠቆረ። ለበልግ የሚዘራ ዘር የተረፈው ሰው አልነበረም። ዘር ይታደላል ተባለ። የእኛ ቢሮ የገበሬዎቹን ስም መዝግቦ ደብረ ብርሃን ላለው መጋዘን በኔትወርክ ያስተላልፋል፤ ስሙ የደረሰ ዘር ይወስዳል፣ ያልደረሰ አይወስድም። በቃ።

ስሞቹን የሚያቀባብለው ፕሮግራም ለብቻው ማሽን ይፈልጋል። እኛ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ የጃቫ ሰርቨር ተጭኖ የመሬት መዝገቡ ይሠራበታል። ኃላፊው ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ «እዚያው ሰርቨር ውስጥ አስገባዋለሁ!» አልኳቸው። ሰው ቤት ደባል እንደ ማስገባት ነው። ደባሉ የራሱን ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ባለቤቱ «በእኔ ዕቃ ተጠቀም» ይለዋል፤ ሁለቱን ሳስታርቅ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። በመጨረሻ ሠራ። ቢሮው ሁሉ «አንበሳ!» አለኝ። ኤዲያ፣ አንበሳ!

አንድ ነገር ለኋላ ብዬ ትቼ ነበር። መስመር ሲቋረጥ፣ ያልተላኩት ስሞች ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ይጠብቃሉ እንጂ ዲስክ ላይ አይጻፉም። ማሽኑ ከጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ማሽኑ ደግሞ ይጠፋ ነበር! የክፍሉን ቁልፍ የያዙት ጥበቃው አባባ ወልዴ በትልልቅ በዓላት ያጠፉታል፤ ገበሬ ሞፈር በማይነካበት ቀን ማሽን ሲጮህ መዋሉ ለእሳቸው ነውር ነው። የመሬት መዝገቡ ዲስክ ላይ ስላለ አይጎዳም፤ ስለዚህ ማንም ከልክሏቸው አያውቅም። እኔም አውቅ ነበር። ስንት ጊዜ ስቄባቸዋለሁ!

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ከቀየት የመጣው ዝርዝር ሲመዘገብ ዋለ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ሲገቡ መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ከበዓሉ ማግስት ቢሮ ስገባ አባባ ወልዴ ማሽኑን ሲያስነሱ አገኘኋቸው።

«ትናንት አጥፍተውት ነበር እንዴ?»

«ታዲያሳ ልጄ! የእመቤታችን ቀን አይደል?»

ፈገግ ብዬ ስክሪኑን አየሁ። «የሚጠብቅ ስም የለም» ይላል። ሁሉም ደርሷል ብዬ ፈረምኩ።

ዘሩ ከደብረ ብርሃን ተጭኖ ቢሯችን አጠገብ በታደለበት ቀን ጋሼ ደምሴ ፈረሱንና ሁለት ባዶ ጆንያ ይዞ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ሰልፉ ላይ ቆሞ፣ «ማሽኑን የሠራው ወንድሜ ነው፤ አይሳሳትም» ይል ነበር አሉ። ተራው ደርሶ ስሙ ሲፈለግ የለም። ጆንያዎቹን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቢሮዬ ገባ። እኔ ገና ሲነግረኝ ገብቶኛል፤ ስሙ ማሽኑ በበዓሉ ሲጠፋ አብረው የጠፉት ሁለት ገጾች ውስጥ ነበር።

«አርፍጄ ነው መሰል የተመዘገብኩት» አለኝ። «ጥፋቱ የራሴ ነው። አንተ አትዘን።» ከዚያ ከጋቢው ጫፍ የቋጠራትን በሶ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። በዚያ ርሃብ!

«እሺ ጋሼ» አልኩት። እሺ ብቻ! ወይ ነዶ!

ሁለቱን ገጾች በዚያው ቀን ላክሁ። ዘሩ አልቋል አሉኝ። ማሳው በልጉን ጦም አደረ፤ ጋሼ ደምሴም ቀን ሥራ ፍለጋ ቆላ ወረደ። ወባ ያዘው፣ እዚያው ተቀበረ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ የእግዜር ሥራ ነው» ይለኝ ነበር። የእግዜር አልነበረም፤ የእኔ ነበር። እዚያም ዝም አልኩ።

«ጋሼ፣ ይሰማሉ?» አለችኝ ልጅቷ በስልኩ።

«ማስገባቱ ይቻላል» አልኳት። «ግን ያልተላከውን ሁሉ ዲስክ ላይ አስቀምጪ። ቁልፍ የያዘውንም ሰው ማሽኑን መቼ መቼ እንደሚያጠፋ ጠይቂው።»

ሳቀች። «ይሄን ደግሞ ከየት ተማሩት?»

«ከሥራ ነው» አልኳት።

እግዜር ይስጥልኝ ብላ ዘጋች። ለእሷም አልተናገርኩም። ጋሼ ደምሴም «አርፍጄ ነው» እንዳለ ሞተ።