የኋላው ቀኝ በር

አልፎ አልፎ ከሥራ ስወጣ ከገበያው በታች ባሉት ጋራዦች በኩል አቋርጬ እሄዳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ታዲያ መካኒኩ የአሮጌ መኪና በር የውስጥ ልባስ ሲያወልቅ፣ ክሊፖቹ ከላሜራው እየተነቀሉ «ጠስ፣ ጠስ» ሲሉ እሰማና እግሬ ባለበት ይቆማል። ደረቅና አጭር ድምፅ ነው፤ ሌላ ሰው ልብ አይለውም። እኔን ግን ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ይመልሰኛል፤ ሶዶ ግቢያችን ውስጥ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር፣ አባዬ በአንዲት ሰማያዊ መኪና በር ፊት ተንበርክኮ ይታየኛል።

አባዬ ነጋዴ ነበር። ከገሱባና ከቢጠና ገበያ ዝንጅብልና ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር እየጫነ ያመጣና ሶዶ ላይ ያከፋፍል ነበር። መኪናዋ በዕድሜ እኔን በብዙ የምትበልጥ፣ ቀለሟ እዚህም እዚያም የተላላጠ፣ መስታወቷ በእጅ እየተዘወረ የሚወርድ የቤት መኪና ነበረች። በበጋ እሑድ እሑድ ከነአቧራዋ ወደ ጸሎት ቤት ይዛን ትሄድ ነበር፤ አባዬና እማዬ ከፊት፣ እኔና ታናሽ እህቴ ምሕረት ከኋላ ተቀምጠን፣ መዝሙር እየዘመርን። ምሕረት ስድስት ዓመቷ ነበር። ዳገት በመጣ ቁጥር መኪናዋን የምታግዛት ይመስላትና የፊቱን ወንበር በሁለት እጇ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ ወደ ፊት ትገፋ ነበር፤ ዳገቱን ስንጨርስ «ደከመኝ!» ትልና ሁላችንንም ታስቀን ነበር።

በዚያ ዓመት በልግ ላይ የኋላው ቀኝ በር ከውስጥ አልከፈት አለ። እጀታውን ቢስቡት ባዶውን ይመጣል። ከውጭ ሲከፍቱት ግን ይከፈታል፤ ስለዚህ አባዬ በደረስንበት ሁሉ ወርዶ፣ ዞሮ ይከፍትልን ነበር። ምሕረት ይህን እጅግ ወደደችው። «እኔ እንደ ሙሽራ በር ይከፈትልኛል» እያለች ለጎረቤት ልጆች ትኩራራ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ፣ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የከተሙ፣ መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ያለው ሰው፣ አንድ ቀን እጀታውን ሳብ ሳብ አደረገና «ልባሱን አውልቄ ልየው እንጂ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አለው።

«ለጊፋታ ሁሉንም ነገሯን ላሠራት አስቤአለሁ፤ ያኔ አብረህ ታየዋለህ» አለ አባዬ፤ መስከረም ላይ የሚውለውን የዘመን መለወጫችንን ማለቱ ነበር። ጋሽ ወልዴም «ይሁን» ብሎ ሄደ።

ክረምቱ ገባ። በነሐሴ አንድ ቀን እማዬ ቤት ቀርታ እኛ ሁለታችን ከአባዬ ጋር ገሱባ ወረድን፤ ስንመለስ አባዬ የኋላውን ወንበር በግራ በኩል እስከ ጣሪያው ድረስ በቦዬ ጆንያ ሞላውና ለአንድ ሰው የምትሆን ቦታ ብቻ ቀረች፣ በቀኙ በር በኩል። ስንሄድ ከፊት የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ መመለሻው የምሕረት ተራ ነበር። እኔ ግን ቀድሜ ሮጬ ከፊት ገባሁና በሩን በላዬ ላይ ዘጋሁ። ምሕረት ማልቀስ ጀመረች። አባዬ መሽቶብን ነበርና «ነይ የእኔ ሙሽራ» ብሎ የኋላውን በር ከፈተላት፤ እሷም እንባዋን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች፤ ከውጭ ዘጋባት።

በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጥን የምንሻገረው አንድ ወንዝ መንገዱን ያቋርጣል። በዚያ ሰዓት እኛ ጋ አልዘነበም፤ ውሃው ደፍርሶ ነበር እንጂ ከጎማው ግማሽ አያልፍም ነበር። አባዬ ወረደ፣ በዱላ ለካው፣ ተመልሶ ገባና ነዳ። መሐል ላይ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። አንዴ፣ ሁለቴ ሞከረው። ከዚያ ከላይ በኩል እንደ ጭነት መኪና የሚያጓራ ድምፅ መጣ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ እየወረደ ኖሯል። አባዬ በራሱ በኩል ወርዶ፣ ኮፈኑን ተደግፎ ዞረና የእኔን በር ከፍቶ ትከሻው ላይ አወጣኝ፤ ውሃው ወገቡ ጋ ደርሶ ነበር። ወደ ኋላ እየዞረ «ምሕረት፣ ክፈቺ! በሩን ክፈቺና ውጪ! መጣሁ!» ብሎ ጮኸ።

እኔ በትከሻው ላይ ሆኜ አየኋት። ታዛዥ ልጅ ነበረች። በመስታወቱ ውስጥ በሁለት እጇ እጀታውን ይዛ፣ ዳገት ላይ እንደምታደርገው ጥርሷን ነክሳ ትስብ ነበር። ወደ ፊተኛው ወንበር ብትሻገር በእኔ በር ትወጣ ነበር፤ ግን አባቷ ክፈቺ ብሏታልና ትስብ ነበር። አባዬ እኔን ዳር ላይ ወርውሮኝ ሲመለስ አምስት እርምጃ እንኳ አልሄደም፤ ጎርፉ መኪናዋን እንደ ቅርጫት አንሥቶ ወሰዳት።

መኪናዋን ከታች፣ ሁለት ድንጋዮች መሐል ተሰንቅራ አገኟት፤ ምሕረትም ውስጧ ነበረች። የሰፈሩ ሰዎች መኪናዋን በበሬ ጎትተው አወጧትና ግቢያችን አምጥተው አቆሟት። ለቅሶው ላይ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ሌት ተቀን አልተለዩንም፤ ሁሉም አባዬን «የሰው ኃይል ምን ይችላል?» ይሉት ነበር። አባዬም አንገቱን እየነቀነቀ «አዎ» ይል ነበር። ስለ በሩ ለማንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም።

መስከረም ጠባ። ጊፋታ ዕለት ጎረቤቱ በሙሉ በሬውን ጥሎ ሥጋ ሲከፋፈል፣ ልጆች «ዮዮ ጊፋታ!» እያሉ በየደጁ ሲሯሯጡ፣ አባዬ ካቻቢቴውን ይዞ ወጣና ያቺ ጭቃ የለበሰች መኪና ፊት ተንበረከከ። ለጊፋታ አሠራታለሁ ብሎ አልነበር? መጀመሪያ የመስታወቱን መዘውር ፈታ፣ ቀጥሎ የክንድ ማሳረፊያውን ብሎኖች፣ ቀጥሎ የእጀታውን ክፈፍ። ከዚያ ካቻቢቴውን በልባሱ ጠርዝ ሥር አስገብቶ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ክሊፖቹን ነቀለ፦ «ጠስ፣ ጠስ»። ልባሱ ሲነሣ ከበሩ ሆድ የወንዙ ደለል ከነቅጠሉ ዝርግፍ ብሎ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። ውስጡን የሸፈነውን ላስቲክ ገልጦ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ።

ችግሩ አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ ነበረች። ጫፏ ከትንሿ ፕላስቲክ መያዣዋ ወልቃ ተንጠልጥላለች። አባዬ በአውራ ጣቱ ገፋት፤ ቦታዋ ገባች። በሩን ዘጋው፣ እጁን በተሰበረው መስታወት አስገብቶ ከውስጥ ሳበው። ተከፈተ። ዘጋው፣ ሳበው። ተከፈተ። ጋሽ ወልዴ ከሥጋ መደብ ተጠርቶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሲደርስ አባዬ አሁንም ይዘጋና ይከፍት ነበር።

«በቃ ወንድሜ፣ በቃህ» አለው እጁን ይዞ።

«ግማሽ ሰዓት ብለኸኝ ነበር» አለ አባዬ። «ግማሽ ሰዓትም አልፈጀም እኮ፣ ወልዴ።»

ጋሽ ወልዴ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሴት አለቀሰ፤ አባዬ ግን አላለቀሰም።

በበጋው አባዬ ገበያ መሄድ ተወ። የአራቱንም በሮች ልባስ እያወለቀ በቤቱ ግድግዳ ላይ ያስደግፋል፣ ዘንጎቹን ዘይት ይቀባል፣ ይገጥማል፤ በሳምንቱ ደግሞ ይፈታቸዋል። እማዬ አንድ ቀን ከውስጥ ወጥታ «ሽጣት። ዓይኔ ሥር አታኑራት» አለችው።

«ልጅ ያለው ሰው ቢገዛትስ?» አላት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሲነጋገሩ ብዙም አልሰማሁም።

በልግ ሲዘንብ ልባሶቹ ግድግዳው ላይ እንደተደገፉ ረጠቡ፣ ካርቶናቸው አበጠ፣ ተበጣጠሰ። አንድ ከሰዓት በኋላ አባዬ ባዶውን በር ሲያይ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩና ወራት ሙሉ የደበቅሁትን አወጣሁት። «አባዬ፣ የፊቱ የእሷ ተራ ነበር። እኔ ነኝ የነጠቅኋት።»

እሱም ወደ እኔ ሳይዞር «ክፈቺ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። እንዲያቅፈኝ ጠብቄ ነበር። አላቀፈኝም፤ እጁ ላይ የነበረውን ብሎን ወደ ኪሱ ከተተና ወደ ቤት ገባ።

በሚቀጥለው ክረምት ራሱ ብረት የሚገዙ ሰዎች ጠርቶ ግቢያችን ውስጥ አስቆራረጣት። ከዚያም ወደ ቆላው ሁምቦ ወርዶ በሰው መሬት ላይ በቆሎ ያርስ ጀመር። በወር አንዴ ሊያየን ሲመጣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ነበር የሚመጣው፤ መኪና ላይ ዳግመኛ አልወጣም። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ እዚያው ቆላ ወባ ያዘው፤ ሐኪም ቤት በመኪና እንውሰድህ ሲሉት እምቢ ብሎ ቆይቶ ሞተ።

አሁን በዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ አለ፤ ሚኒባሱ ሲሻገር ተሳፋሪው ቀና ብሎ እንኳ አያይም። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ እዚሁ ሶዶ አስተምራለሁ። አባዬ ያን ዓመት ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ያኔ ለእኔ ሁሉን የሚያውቅ፣ ሁሉን የሚችል ትልቅ ሰው ነበር፤ እንደዚያ ስለመሰለኝም ለዓመታት በልቤ ተቀይሜዋለሁ። አሁን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያኔ እሱ የነበረበት ዕድሜ ላይ ያሉ መምህራን ሻይ ይዘው ሲሳሳቁ ሳይ፣ በዕድሜ የምበልጣቸው፣ ገና ሰውነታቸው እንኳ ያልጠነከረ ልጆች ሆነው ይታዩኛል፤ ያን ሁሉ ብቻውን የተሸከመው ከእነዚህ አንዱ ነበር።