አያ ታከለን የተከተለው ጋቢ ለባሽ

ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ስለ ሞኒተር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ...እሺ፣ ቡሬን ትቻለሁ። ማንኩሳንም አላጣራሁም። የምጠብቀውን የእህል መጋዘን የካሜራ ሞኒተር ግን አውቀዋለሁ!

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ተረኛ ሆኜ ስገባ፣ የመጋዘኑ ባለቤት እትዬ ጥሩ ቢሮ ውስጥ ሞኒተሩ ፊት ቆመዋል። የሌሊቱ ጠባቂ አያ ታከለ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ። ሁለት ጆንያ በርበሬ ጠፍቷል።

«ይህ ከኋላዎ ያለው ማነው?» አሉ እትዬ ጥሩ።

የካሜራውን ቅጂ አየሁት። ንጋት ላይ አያ ታከለ ግቢውን ያቋርጣሉ። ከኋላቸው... እግር በእግር... ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ይከተላቸዋል።

«ማንም የለም እትዬ! ብቻዬን ነኝ!»

«ዓይኔን ልካደው?»

«ጊዮርጊስን! ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቄ...»

«ቁልፉን ያስቀምጡት። የቀረውን ፖሊስ ይጠይቅዎ።»

አያ ታከለ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እኔን ደግሞ ላብ አጠመቀኝ... ጋቢ ለባሹን አውቀዋለሁ። የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

ሞኒተሩ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ ከኋላው ጥቁር ጭስ የመሰለ ጥላ ይጎተት ነበር። እኔ ደግሞ በማታ ትምህርት የአማርኛውን ፊደል ጨርሼ የእንግሊዝኛውን ጀምሬያለሁ... የሚነበብ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ሰኞ ቀን የሞኒተሩን ማስተካከያ፣ ሴቲንጉን፣ ስነካካ «ኦቨርድራይቭ» የሚል አገኘሁ። ለማንበብ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ! ምስሉ ቶሎ እንዲቀያየር የሚገፋ ነገር መሆኑን ሞክሬ ደረስኩበት። ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ አለው። አዲስ ማንበብ የቻለ ሰው መካከለኛ ይመርጣል? ከፍተኛ ላይ አደረግሁት። ጥቁሩ ጥላ ጠፋ፤ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከመጠን በላይ ሲገፋ በጥቁሩ ፈንታ ነጭ ጥላ እንደሚያመጣ የገባኝ ያን ጠዋት ነው።

«እትዬ፣ ቅጂውን እስቲ ያቁሙት» አልኩ።

አቆሙት። ጋቢ ለባሹ የለም። አያ ታከለ ብቻቸውን ናቸው።

አስኬዱት... መጣ!

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ጥሩ። ከሌባ ወደ ሰይጣን ተሻገርን።

«አሁን እርስዎ በግቢው ይለፉ፤ እኛ በሞኒተሩ እንይዎት» አልኳቸው።

ጥቁር ሹራባቸውን እንደለበሱ ወጡ። ሦስት እርምጃ እንደሄዱ ነጩ ከኋላቸው ብድግ አለ። አያ ታከለ በመስኮቱ ብቅ ብለው ጮኹ፦

«እትዬ ጥሩ! ይህ ከኋላዎ ያለው ማነው?»

እትዬ ጥሩ ሲመለሱ ዓይናቸው እያየ መካከለኛ ላይ አደረግሁት። የጋቢ ለባሹ ነገር አበቃ፤ የቀረችው ጥላ ካልፈለጓት አትታይም።

«ማነው የነካው?»

ደረቴን ነፍቼ «እኔ ነኝ!» አልኩ።

እትዬ ጥሩ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ለአያ ታከለ መለሱ። በርበሬውስ? ከሰዓት በኋላ፣ ሰኞ በርበሬ ጭኖ የሄደው ሹፌር ከፍኖተ ሰላም ደወለ፤ ለካ በስህተት ሁለት ጆንያ አትርፎ ጭኗል።

ሁሉም እውነት ነው... አንዷ ስትቀር። «እኔ ነኝ» አላልኩም። «መብራት እየሄደ እየመጣ ያበላሸው ነው» ነው ያልኩት። አያ ታከለ ማንበብ አይችሉም ብዬ ነበር እውነቱን እዚህ ልጽፈው የደፈርኩት... ትናንት ማታ ግን ትምህርት ክፍል ስገባ፣ ደብተር ገዝተው ከፊቴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

አሁን «ሀ ሁ» ላይ ናቸው... እዚህ ሳይደርሱ በአፌ ብነግራቸው ይሻለኛል።