ጆሮው የከዳው ቴፕ ሠሪ

በ1988 ዓ.ም. ገደማ በእኛ ከተማ በሲቀላ የመኪናው ቴፕ የሚያፏጭበት ሾፌር ሁሉ የሚሮጠው ወደ ገነነ ነበር። የሥራ ቤቱ ከእኔ መለዋወጫ ሱቅ ጎን ስለነበር አሠራሩን በደንብ አውቀዋለሁ። ነዳጅ ሲረገጥ እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት ከሆነ የሚመጣው ከዲናሞው ነው። መጀመሪያ የአንቴናውን ገመድ ይነቅላል። ፉጨቱ ከቆመ በአንቴናው ገብቷል ማለት ነው፤ ካልቆመ ሽቦውን ይከተላል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማሳው ነው፤ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ሽቦ ማለቴ ነው። ገነነ ቀለሙን በቢላዋ ፍቆ፣ ብረቱ ሲያብረቀርቅ ሽቦውን መልሶ ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል። ሾፌሮቹም እየዘፈኑ ይሄዳሉ።

ከዚያ ጆሮው ከዳው። ሲያናግሩት ይሰማል፣ ዘፈንም ይሰማል፤ ያ ቀጭን ፉጨት ግን ጭራሽ ጠፋበት። እንጀራው ደግሞ እሱ ነበር። ልጆቹ አልደረሱም፤ ሌላ ሙያ የለውም። ስለዚህ የባለመኪናውን ፊት ማየት ጀመረ። ነዳጅ ሲረገጥ የሰውየው ግንባር ከተኮማተረ ፉጨቱ አለ፤ ከተፈታ ጠፍቷል። እንዲህ እያደረገ ቆየ፤ ሥራውም አልተበላሸም። ይህን ከሚስቱ ከወለቴ በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ እኔም የሰማሁት በኋላ ነው።

አበጋዝ ግን ደረሰበት። ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ በፒክአፕ የሚያመላልስ፣ ሳቂታ፣ ሰው የሚወደው ሾፌር ነው። አንድ ቀን ገነነ ሲሠራለት ዓይኑን ከእሱ ፊት አልነቅል ሲል ጠረጠረ። ግንባሩን ቢያኮማትር ገነነ ወደ ሞተሩ ተመለሰ፤ ቢፈታው ዕቃውን ሰበሰበ። አበጋዝም ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ።

በአንድ ቅዳሜ ጫሞ ላይ ነፋስ በርትቶ ጀልባ አልወጣም፤ የዓሣ ሾፌሮች ሁሉ ሥራ ፈቱ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። የእኛ ሾፌሮች የሚቀዱት ግን የሰው ቆብ ነው፤ መስፋቱንም አያውቁበት። አበጋዝ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ።

«ጋሽ ገነነ፣ ይሄ ፉጨት ሊያሳብደኝ ነው» አለና ነዳጅ ረገጠ። ግንባሩን አጨማደደ። «ሰማኸው አይደል?»

ገነነ ፊቱን አየ። «እሰማለሁ እንጂ! ጆሮ ይበሳል» አለ።

ሾፌሮቹ አፋቸውን ያዙ። እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ከስፒከሩ ምንም አልሰማ ስል የራሴን ጆሮ ጠረጠርኩ።

ገነነ በዚያ የቆላ ፀሐይ አንቴናውን ነቀለ፤ የአበጋዝ ግንባር እንደተጨማደደ ነው። መስመሩን በቀጥታ ከባትሪው ቀጠለ፤ ያው ነው። ዳሽቦርዱን ፈታ፣ ከሥሩ ተኝቶ ገባ፣ ማሳውን ፍቆ አሰረ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ቀና ይልና የዚያን ሰው ፊት ይለምናል። ሾፌሮቹ ሳቅ ማፈን ሲደክማቸው አበጋዝ ፊቱን ፈታው።

«አገኘሁት!» አለ ገነነ ደስ ብሎት። «ማሳው ነበር። አሁን ጸጥ አለ።»

«መቼ ጮኸና ነው ጸጥ የሚለው? ሶዶ አሠርቼው ነው የመጣሁት!» አለ አበጋዝ። «ስማ እንጂ፣ ደንቆሮ!»

ሳቁ እስከ መናኸሪያ ተሰማ። እሱን ገነነም ሰማው። ማሳ የፋቀበትን ቢላዋ እንደያዘ ወደ አበጋዝ ሲሄድ እኔና ሌሎች ያዝነው። ባልያዝነው ኖሮ ብዬ የማስብበት ቀን አለ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መጡ። በጋሞ ደንብ ሽማግሌ ሳር ይዞ ከፊትህ ከተንበረከከ እምቢ አይባልም። «በዚህ ሳር ይዤሃለሁ ልጄ፣ ቂምህን ጣል» አሉት ትልቁ። ገነነ «እሺ አባቶቼ፣ አልጠላውም» ብሎ ማለ። አበጋዝ ጉልበቱን ሳመው፤ ተመራረቁ፤ ሁሉም ረክቶ ተበተነ።

ሽማግሌ ሰው ያስታርቃል እንጂ ደንበኛ አይመልስም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም መኪና ገነነ በር ላይ አልቆመም። ወለቴ ጎረቤት እየዞረች ልብስ ማጠብ ጀመረች። የሥራ ቤቱ ሲዘጋ አበጋዝ መጣና፣ «ታርቀናል አይደል ጋሽ ገነነ? ና መኪናዬን እጠብልኝ» አለው። እምቢ ቢል ቂም ይዟል፣ ሳሩን ረግጧል ሊባል ነው። ሄደ።

አሁን ጫሞ ዳር የዓሣ ደም ከፒክአፑ ላይ በባልዲ ያጥባል። ከተማው «አበጋዝ እኮ ርኅሩኅ ነው፤ ማንም የማይቀጥረውን ደንቆሮ ያበላል» ይላል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለገነነ ነገርኩት፤ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።

«እኔ መናደድ አልችልም» አለኝ ጨርቁን እየጨመቀ። «እንዳልጠላው አስምለውኛል።»