እማዬ ሰፈራችንን ከላይ ያየች ዕለት

የጣሪያው በር ድርግም ብሎ ተዘጋብኝ። እጀታው ያለው ከውስጥ በኩል ብቻ ነው።

ሲቀላ ሰፈር፣ የምሠራበት ፎቅ አናት ላይ ነኝ። የወጣሁት ሮቶው ውኃ መያዙን ላረጋግጥ ነበር። ከታች ባጃጁ ይጮኻል፤ የእኔን ጩኸት ማን ይስማው?

ሰፈራችን ከዚህ ሲታይ የቆርቆሮ ጥልፍልፍ ነው። ድሮ ከጨንቻ ወርደው የሰፈሩት ሸማኔዎች ጣሪያ ዝጓል። ልጅ ባገባ ቁጥር የሚቀጠለው ክፍል ጣሪያ ግን ያብረቀርቃል። የአንዱ ጣሪያ ውኃ የሚወርደው ሌላው ግቢ ነው። በየክረምቱ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣላበት ምክንያት ዛሬ ገባኝ!

የእኛ ቤት ዝገት ብቻ ነው። አላገባሁማ።

እማዬ ጋ ደወልኩ። ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ ከፈተችልኝ።

"እማ፣ በሩን ያዢው!"

አልሰማችኝም። ጫፉ ጋ ሄዳ ቁልቁል ታያለች። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምጠርጋት ግቢ ይቺን ታክላለች እንዴ?"

ድርግም!

አሁን ሁለታችንም እዚሁ ነን። የፎቁ ዘበኛ ስልክ አያነሳም። እማዬ የጎረቤቱን አዳዲስ ቆርቆሮ በጣቷ እያሳየች፣ "ልጄ፣ ያንተስ የታለ?" ትለኛለች።

እናንተስ ከእናታችሁ ጋር ማምለጫ የሌለው ቦታ ተቆልፎባችሁ ያውቃል? ታሪካችሁን ጻፉልኝ። መጀመሪያ ግን ሲቀላ ያለ ሰው መጥቶ ይክፈትልን፤ እማዬ የሠርጌን ቀን ልትቆርጥ ነው።