የእንቁላል ቀኖና

ባለፈው ሳምንት፣ በሁዳዴ ጾም፣ የተሳፈርንበት ማኪና ጎማ ሊቀይር ኮሶዬ ላይ ቆመ። ከመንገዱ ዳር ካለችው ምግብ ቤት ለፈረንጆች እንቁላል ይጠበሳል። አብረውኝ የወረዱት ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እኔ ግን ተጠጋሁ። ለእኔ ያ ሽታ አባየ ነው።

አባየ እዚያው ኮሶዬ ገበሬ ነበር። ደም ሲያስቀምጠው ኪንታሮት ነው እያለ ከረመ። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ጨቅጭቄ ጎንደር አወረድሁት። የትልቁ አንጀት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አንጀቱን ቆርጠው አወጡለት፤ ወደ ጉበቱ ግን ቀድሞ ተሻግሯል። ሐኪሙ ኬሞ ጀመረለትና፣ ዕጢው ካነሰ ከጉበቱም ቆርጠው እንደሚያወጡት፣ የቀረው ጉበት መልሶ እንደሚያድግ ነገረን። አባየ፣ «እንደ ጎመን ነዋ» ብሎ ሐኪሙን አሳቀው።

ጉበቱን የሚቀድዱት ግን ሰውነቱ ከበረታ ብቻ ነው። እዚያው ጎንደር፣ አራዳ በተከራየናት ክፍል ውስጥ አባየ ከቀን ቀን መነመነ። ከመድኃኒቱ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ ጣቱን እንደ መርፌ ይወጋዋል። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት ሲያዝ ሁዳዴ ገባ። ለመንሁት፤ ተቆጣሁት። «ሞቴ ሲቀርብ ጾም ልግደፍ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግሥቱ ኮሶዬ ወጣሁ። የነፍስ አባቱን መምሬን፣ ከቅዳሴ እስኪወጡ፣ ጉሙ እየመታኝ ደጅ ላይ ጠበቅኋቸው። ዙሪያ ጥምጥም አላውቅበትም፤ አባየን ጾሙ ሊገድለው ነው አልኋቸው። «ምነው አንች» ብለው አማተቡ።

ብዙም ሳይቆዩ፣ ሚስታቸው ለፋሲካ ያጠራቀመችውን እንቁላል ገብስ በሞላ ቅርጫት ቀብረው አራዳ ድረስ መጡ። አባየ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ።

«ታከለ፣ የሰጠሁህን የንስሐ ቀኖና አጉድለህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ያሁኑ ቀኖናህ ይኸ ነው። እስከ ፋሲካ ጧት ጧት እንቁላል ትበላለህ።»

አባየ ቅርጫቱን ሲያይ ቆየ። «ስግደቱስ?»

«እሱን ይች አፈኛ ልጅህ ትሰግድልሃለች።»

እኔ እንኳን ስግደት ቅዳሴ አስጨርሼ የማላውቅ። በየጧቱ እንቁላሉን ጠብሼ አቀርብለትና አጠገቡ እሰግዳለሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው፣ እየታገለ ይውጣል። በመሀል አንድ ዓይኑን ይገልጥና «ግንባርሽ መሬት አልነካም» ይለኛል።

ከፋሲካ በኋላ ጉበቱን ቀደዱት። ሸጋ ሆኖ ተነሣ። ጥቂት ዓመት ገብሱን ዘራ፣ አጨደ። ካንሰሩ ሲመለስ ግን የሚቆረጥ አልሆነም።

መምሬ ዛሬም አሉ። በቃሽ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ሁዳዴ በገባ ቁጥር፣ ሥራ እየጠበቀኝም ቢሆን፣ እሰግዳለሁ። አሁን ግንባሬ መሬት ይነካል።