እትዬ በሩን የነቀሉልኝ ቀን

እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉኝ አክስቴ፣ እትዬ፣ ካረፉ አርባቸው ወጣ። ጂንካ ባለው ቤታችን ያረጀ የበር ቁልፍና እጀታ የሚቀይሩት ራሳቸው ነበሩ። አዲስ ቁልፍ በገጠሙ ቁጥር በሩ ክፍት እያለ ደጋግመው ያዞሩትና «ሳይሞከር አይዘጋም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን የመኝታ ቤቱን ቁልፍ እኔ ቀየርኩና ሳልሞክር በሩን ገጭ አድርጌ ዘጋሁት። ተቆለፈ፤ አልከፈት አለ። የሁለት ዓመት ልጄ ውስጥ ነበረች። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ።

ከጂንካ ወይጦ የሚመላለስ መኪና ሾፌር የሆነው ጎረቤታችን «ልስበረው» ብሎ ተንደረደረ።

«ተው፤ በሩ ሥር ትሆናለች» አሉት እትዬ። በቁልፉ ቀዳዳ «እናቴ፣ እዚሁ አለሁ» እያሉ የማጠፊያዎቹን ፒን በምስማርና በመዶሻ እየመቱ አወጡ። ከሾፌሩ ጋር በሩን ወደ እኛ ሳቡት። እንዳሉትም ልጄ በሩ ሥር ተኮራምታ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

እትዬ አልተቆጡኝም። ካቻቪቴውን ሰጥተውኝ «በይ፣ መልሰሽ ግጠሚው» አሉኝ። እስክጨርስ ከጎኔ አልተነሱም።

ትናንት የእሳቸውን ክፍል ቁልፍ ቀየርኩ። ብሎኑን አጥብቄ «ልክ ነው፣ እትዬ?» አልኩ። አሁን ትልቅ የሆነችው ልጄ ከሳሎን ቀና ብላ አየችኝ፤ ተነስታ መጥታም ቁልፉን እስክሞክር በሩን ክፍት አድርጋ ያዘችልኝ።