«ወንድሟን» ሲል

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ ዘመን በጨፋ ሸለቆ ከእኛ የባሰ የደረሰበት ቤት ብዙ ነው። ነገር ግን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያ ዓመት የምማረው በእህቴ ትዳር ስለሆነ፣ ዝም ማለቱም ከበደኝ።

የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ከአባቴ በጥቂት ዓመት የሚያንስ ሰው ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን የሚመዘግበው እሱ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደርሷል፤ እኔም በቁመቴ ደርሻለሁ ይባል ነበር። የመኪና ድምፅ ስንሰማ ማሽላ ውስጥ እንጋደማለን። ማሽላው ሲታጨድ መደበቂያ አጣን። ሊቀመንበሩ እህቴን ለሁለተኛ ሚስትነት የጠየቀው በዚያው ሰሞን ነው።

አባቴ «ልጆቹስ?» አለው።

«ኦቦሌሳ ኢሼ ሂንቱቁ» አለ በኦሮምኛ፤ ወንድሟን አልነካም ማለቱ ነው። በእኛ አፍ ይህ ቃል ለአንድም ለብዙም ስለሚሆን፣ አባቴ ሁለታችንንም ቆጠረ።

እህቴ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ነገራት።

«ሽማግሌ ነው እኮ አባባ።»

«ሽማግሌ አይዘምትም» አላት።

ሳቀች። ከዚያ እንስራውን ከጀርባዋ ሳታወርድ ብዙ ቆመች። «እነሱ ከቀሩ፣ እሺ» አለች።

ኒካው በታሰረ በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜን በጎች እየነዳ ሮቢት ገበያ ሲገባ ያዙት። አባቴ ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልሁት።

«ቃል ሰጥተኸኝ ነበር» አለው።

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ እንዳለ ሁሉ በአማርኛ መለሰ። «ወንድሟን አልሁ እንጂ ወንድሞቿን መቼ አልሁ፣ አማቴ? አንዱ ይኸው ቆሟል።» በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «እሷ እዚህ ቤት እስካለች እሱም አለ።»

እህቴ ከጓዳ ሆና ሰምታለች።

ከዚያ ወዲያ ስም በተነበበ ቁጥር የእኔ አይጠራም። ልጆቻቸው የሄዱባቸው ጎረቤቶች ሰላምታዬን መመለስ ተዉ። እህቴ ለኢድ ስትመጣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ነበር። እናቴ ልትገልጠው እጇን ስትዘረጋ፣ «ተይው እማ፣ ትምህርቱን ይጨርስ» አለቻት።

ወንድሜ እስካሁን አልተመለሰም።

ደርግ ሲወድቅ ሊቀመንበሩ ወደ ባቲ ሸሸ። እህቴ ግን ያን ቀን ከቤቱ አልወጣችም። «ሳይፈታኝ ብወጣ ተመልሶ ይህን ልጅ ይጠይቃችኋል» አለች ወደ እኔ እያየች፤ መንግሥት እንደተለወጠ ነግረናት አላመነችንም። አባቴ ሽማግሌ ላከበት። ሽማግሌዎቹ የፍቺውን ቃል ይዘው የገቡት፣ እሷም ከዚያ ቤት የወጣችው ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኔ 11 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው።